አንድ ስበት፣ ሁለት ጥይት፦ ባለ ብዙ አፈሙዝ ሽጉጦችና የሕግ ቃላት

ምላጩን አንዴ ስትስበው ሁለት ጥይት ይወጣል። ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን፣ ሁለት ካዝና ከታች ተጣብቀው፣ ከላይ አንድ ሰፊ ብረት። ላዩን ለሚያይ ሰው ሽጉጥ መስታወት ፊት ቆሞ ከገዛ ምስሉ ጋር የተጋባ ይመስላል። ስሙ ኤኤፍ2011 ነው። በ2012 ለገበያ ያቀረበው አርሰናል ፋየርአርምስ የተባለ የጣሊያን ድርጅት ነው። መነሻው ኮልት 1911 ነው፤ የአሜሪካ ጦር ለአስርት ዓመታት የታጠቀው ሽጉጥ። መቶ ዓመት ሲሞላው ሁለቱን አጋብተው አንድ አደረጓቸው። ባዶውን ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። በአንድ ስበት ወደ 30 ግራም ጥይት ይተፋል።

ምን ይጠቅማል? እውነቱን ለመናገር ብዙም አይጠቅምም። ለፖሊስ ይከብዳል። ለወታደር ጥይት ይጨርሳል። ወገብ ላይ ለመታጠቅ ሰፊ ነው። ለሰብሳቢዎችና ቪዲዮ ለሚቀርጹ ሰዎች የተሠራ ውድ መጫወቻ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ግን ሕግን ይፈትናል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ መትረየስን የሚተረጉመው በግርድፉ እንዲህ ነው፦ በእጅ እንደገና ሳይጎርስ፣ በአንድ የምላጭ ሥራ፣ ከአንድ በላይ ጥይት በራሱ የሚተኩስ መሣሪያ። እንግዲህ ቁጠሩ። አንድ ስበት። ሁለት ጥይት። ታዲያ ይሄ መትረየስ አይደለም?

አይደለም። እዚያ አገር የሚሸጠው በተራ ሽጉጥነት ነው።

እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ዞር ማለት ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን ቃላቱን እናስተካክል። አፈሙዝ ስል ጥይቱ እየሮጠ የሚወጣበትን ቱቦ ሙሉውን ማለቴ ነው። ምላጭ ደግሞ በጣት የሚሳበው። ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛው አዋጅ ጋ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ስለ ቃላት ካነሳን አይቀር፣ አማርኛችን ለዚህ ወሬ ሳያስበው ተዘጋጅቶ ቆይቷል። መትረየስ የሚለው ቃል የመጣው ከፈረንሳይኛው «ሚትራዬዝ» ነው። ፈረንሳዮች በ1870 ከፕሩሲያ ጋር ሲዋጉ ያሰለፉት ሚትራዬዝ ሲያዩት መድፍ ይመስላል። ጎማ አለው፣ ሠረገላ ላይ ተቀምጧል። ውስጡ ግን 25 አፈሙዝ እንደ ማገዶ ታስሯል። ተኳሹ እጀታ ያዞራል፤ ጥይቶቹ እየተከታተሉ ይወጣሉ። ማለትም «መትረየስ» የምንለው ቃል ሲወለድ የባለ ብዙ አፈሙዝ መሣሪያ ስም ነበር።

የሚያስቀው ነገር፣ በእጅ የሚዞር እንዲህ ያለ መሣሪያ ዛሬ በአሜሪካ ሕግ መትረየስ አይባልም። የሪቻርድ ጋትሊንግ ባለ ብዙ አፈሙዝ መሣሪያ፣ በ1862 የፈጠራ መብት ያገኘው፣ በዚሁ ጥያቄ አልፏል። በ1955 የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ነገሩን አይቶ ወሰነ፦ እጀታው በእጅ እስከዞረ ድረስ መትረየስ አይደለም። ምክንያቱም በራሱ አይተኩስም፤ ተኳሹ ማዞር ሲያቆም እሱም ያቆማል። ሞተር ከተገጠመለት ግን መትረየስ ይሆናል። ብረቱ ያው፣ አፈሙዙ ያው፣ ጥይቱ ያው። የተለወጠው ጉልበቱ ከየት መጣ የሚለው ብቻ ነው።

ሽጉጥ የሚለውም ቃል የራሱን ሕግ ይዞ ነው የመጣው። ከሸጎጠ ነው። ሽጉጥ ማለት የሚሸጎጥ ነው፤ ከነጠላ ሥር፣ ከኮት ውስጥ፣ ከመቀነት መሀል። አማርኛ መሣሪያውን የሰየመው በርዝመቱ ወይም በአተኳኮሱ ሳይሆን በመደበቁ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ወደ ድሮው እንሂድ። ድሮ አፈሙዝ የሚበዛው በጣም ቀላል በሆነ ምክንያት ነበር። አንድ አፈሙዝ አንድ ጥይት ነው የሚተኩሰው። ከዚያ በኋላ ባሩድ መጨመር፣ ጥይት መክተት፣ በዘንግ መጠቅጠቅ ነው። ጠላትህ ይህን ሁሉ ቆሞ አይጠብቅህም። ስለዚህ ሁለተኛ ጥይት የፈለገ ሁለተኛ አፈሙዝ ይጨምራል። አራት የፈለገ አራት።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዝ አገር «የዳክዬ እግር» የሚባል ሽጉጥ ነበር። አራት አፈሙዝ እንደ ዳክዬ ጣት ወደ ጎን ተዘርግተዋል። አንዴ ሲተኮስ ለአራት አቅጣጫ ነው። የመርከብ አዛዦችና የእስር ቤት ጠባቂዎች ይይዙት ነበር ይባላል፤ ብቻውን ከብዙ ሰው ጋር ለሚፋጠጥ ሰው የታሰበ ነው። ጎንህ የቆመው ወዳጅህ ከሆነ ግን እግዜር ያውጣው።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በዚያው ዘመን ባለ ሰባት አፈሙዝ ጠመንጃም ሞክሯል። ኖክ ይባላል፤ በሠራው ሰው ስም። ሰባቱም ባንድ ጊዜ ነው የሚተኮሱት። ግፊቱ የተኳሹን ትከሻ ይጎዳ ነበር። ከአፈሙዙ የሚወጣው እሳት ደግሞ ሸራውን እንዳያቃጥል ይፈራ ነበር። የእንጨት መርከብ ላይ ሆኖ ይህን መፍራት ሞኝነት አይደለም።

ከዚያ በ1830ዎቹ በእንግሊዝኛ «ፔፐርቦክስ»፣ የቁንዶ በርበሬ ዕቃ፣ ብለው የሰየሙት ሽጉጥ መጣ። አምስት ስድስት አፈሙዝ ክብ ሠርተው ይታሰራሉ፤ ምላጩ ሲሳብ ክቡ ይዞራል። ከፊት ሲያዩት እውነትም በርበሬ የሚነሰንስ ክዳን ይመስላል። ከፊት ለፊቱ ከባድ ነው፤ ኢላማ የሚባል ነገር አያውቅም። ይህን ጣጣ የፈታው ሳሙኤል ኮልት ነው፤ በ1836። የኮልት ሐሳብ አፈሙዙ አንድ ሆኖ ከኋላው ያለው የጥይት ማቀፊያ ብቻ ይዙር የሚል ነበር። ክብደቱ ቀነሰ፣ ዋጋውም ከጊዜ በኋላ ቀነሰ። የብዙ አፈሙዝ ዘመን መሞት የጀመረው ያኔ ነው።

መሞት ጀመረ እንጂ አልሞተም። ትንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ ኪስ የሚገባ ነገር ለሚፈልግ ሰው የሚዞር ማቀፊያ ያብጣል። ፊላደልፊያ ውስጥ ሄንሪ ዴሪንጀር የሚባል ሠሪ መዳፍ የምታክል ሽጉጥ ይሸጥ ነበር። ባለ አንድ አፈሙዝ ናት። ሚያዝያ 14 ቀን 1865 ፕሬዚዳንት ሊንከን ቲያትር ቤት ውስጥ የተተኮሰበት በዚህች ነው። ከዚያ በኋላ ስሙ የሁሉም ትንንሽ ሽጉጥ መጠሪያ ሆነ፤ አስመሳዮቹ አንድ «አር» ጨምረውበት። በእኛ ፊደል ልዩነቱ አይታይም፤ ጠብቆ የሚነበብ ፊደል ምልክት ስለሌለን ነው።

ሬሚንግተን በ1866 ሁለት አፈሙዝ ላይና ታች አድርጎ ያወጣው ዴሪንጀር እስከ 1935 ድረስ ተመርቷል። ወደ 150,000 ያህል ተሠርቷል። ብልሃቱ ቀላል ነው። መቺው በተወጠረ ቁጥር መርፌው ቦታ ይለውጣል፤ አንዴ የላዩን፣ አንዴ የታቹን ይመታል። እንግሊዝ አገር ደግሞ ቻርልስ ላንካስተር የተባለ ድርጅት ባለ አራት አፈሙዝ ሽጉጥ ይሠራ ነበር። ህንድና አፍሪካ የሚዘምቱ መኮንኖች ይወዱት ነበር። ሪቮልቨር፣ ማለትም ባለሚዞር ማቀፊያው የኮልት ዓይነት ሽጉጥ፣ ጭቃና አሸዋ ሲገባው ይነክሳል፤ ላንካስተር የሚዞር ነገር ስለሌለው አይነክስም።

በእነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሬሚንግተንም በላንካስተርም አንድ ስበት አንድ ጥይት ነው። አፈሙዙ ቢበዛም ጥይቱ በየተራው ነው። ሕግ በኋላ ሲመጣ እነዚህን አልነካቸውም። አፈሙዝ መቁጠር ለማንም ሕግ አውጪ ትዝ ብሎት አያውቅም ማለት ይቻላል። የተቆጠረው ሌላ ነገር ነው።

የዚህ ሁሉ ወሬ ማዕከል የ1934ቱ የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ ነው። ዘመኑ የነ አል ካፖን፣ የቺካጎ ወንበዴዎች፣ ዘመን ነው። በ1929 ቺካጎ ውስጥ ሰባት ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ተረሽነው ነበር። ሕዝቡ ተቆጣ። የሩዝቬልት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆሜር ከሚንግስ ረቂቅ አቀረበ። መጀመሪያ ረቂቁ ውስጥ መትረየስም፣ አጭር ጠመንጃም፣ ድምፅ ማፈኛም፣ ሽጉጥም ነበረ። አዎ፣ ማንኛውም ሽጉጥ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ የሚሸጎጥ ነገር አደገኛ ነው። አማርኛ በአንድ ቃል ያለውን እነሱ በረቂቅ አሉት።

እንዲህ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀዳዳ አለ። ሽጉጥ ሲከለከል ሰው ጠመንጃውን በመጋዝ ቆርጦ ያሳጥረዋል። ስለዚህ ቀዳዳውን ለመድፈን የአፈሙዝ ርዝመት ወለል ተበጀ። ዛሬ ለጠመንጃ 16 ኢንች ነው፣ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ለሾትጋን፣ የእርሳስ እንክብል ለሚበትነው ጠመንጃ፣ 18 ኢንች ነው፣ ወደ 46 ሴንቲ ሜትር። ከዚህ ያጠረ ይመዝገብ፣ 200 ዶላር ግብር ይክፈል ተባለ። 200 ዶላር በዚያን ጊዜ የአንድ ቶምሰን መትረየስ ዋጋ ያህል ነበር፤ ግብሩ የተጣለው እንዲከፈል ሳይሆን ሰው እንዲተወው ነው።

ከዚያ ተቃውሞ በረታና ሽጉጥ ከረቂቁ ወጣ። ቀዳዳውን ለመድፈን የተሠራው ክዳን ግን አብሮ አልወጣም። በሩ ተነቅሎ ቁልፉ ቀረ ማለት ነው። እስከ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ሽጉጥ በተራ ሱቅ ይሸጣል። ባለ 38 ሴንቲ ሜትር ጠመንጃ ግን ሳይመዘገብ ከተገኘ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ቀልድ ይመስለዋል። ቀልድ አይደለም፤ ሳይጸዳ የወጣ ረቂቅ ነው።

ሕጉ ውስጥ «ሌላ ማንኛውም መሣሪያ» የሚባል ክፍልም አለ። እዚህ ክፍል ውስጥ የተጻፈውን ሳነብ ነው ለዚህ ጽሑፍ የተነሳሳሁት። ሰውነት ላይ ሊሸጎጥ የሚችል፣ በፈንጂ ጉልበት የሚተኩስ ማንኛውም ነገር ይላል፤ አፈሙዙ ውስጥ ጥምዝ መስመር የተቀረጸበት ተራ ሽጉጥ ሲቀር። ከዚያ ቀጥሎ የጠመንጃና የሾትጋን አፈሙዝ ባንድ ላይ ያጣመረ፣ ከ12 ኢንች እስከ 18 ኢንች የሚደርስ መሣሪያን ለይቶ ይጠቅሳል። እንዴት ነው እንዲህ ያለ ልክ የሚጻፈው? አንድ የተወሰነ ዕቃ ዓይን እያየ ካልሆነ?

ዕቃው አለ። ሚሺጋን ክፍለ ሀገር፣ ግላድስቶን በምትባል ከተማ፣ ማርብል የተባለ ድርጅት ከ1908 ጀምሮ «ጌም ጌተር» የሚባል ነገር ይሠራ ነበር። ላዩ አፈሙዝ ትንሽ የጠመንጃ ጥይት ይተኩሳል፤ ታቹ ደግሞ የእርሳስ እንክብል ይበትናል። ሰደፉ ይታጠፋል። ሙሉው ነገር ከወገብ ይንጠለጠላል። የሚገዙት ወጥመድ አጥማጆችና ጫካ አዳሪዎች ነበሩ፤ ጥንቸል ከመጣ በላዩ፣ ወፍ ከተነሳ በታቹ። ከካፖን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ግን አጭር ነው፣ ይሸጎጣል፤ መረብ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ምክር ቤቱ አዘነለትና ግብሩን ቀነሰለት፤ ኋላ ላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ 5 ዶላር ሆነ።

ይህችን ክፍል ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ የሶቪየት ጠፈርተኞች ሽጉጥ ነው። በመጋቢት 1965 አሌክሲ ሊዮኖቭ ከመንኮራኩር ወጥቶ ጠፈር ላይ የተንሳፈፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሲመለሱ መንኮራኩሩ ከታሰበለት ቦታ ርቆ ኡራል አካባቢ በረዶ በሸፈነው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ አረፈ። ሊዮኖቭና ባልደረባው ፓቬል ቤልያዬቭ ሁለት ሌሊት እዚያ አደሩ። ተኩላና ድብ ያለበት ደን ነው። ጠፈርን ያሸነፈ ሰው በተኩላ ሊበላ! ከዓመታት በኋላ ቲፒ-82 የሚባል ባለ ሦስት አፈሙዝ ሽጉጥ ተሠራ። ሁለቱ ላይኞቹ ለሾትጋን ጥይት፣ አንዱ ታችኛው ለጠመንጃ ጥይት። ሰደፉ ሲፈታ ገጀራ ይሆናል። ከ1986 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል ጠፈርተኞቹ ይዘውት ወጥተዋል። አንድ አሜሪካዊ ይህን ዕቃ ገዝቶ ቤቱ ሊያስቀምጥ ቢል ግን ከወረቀት ሥራ አያመልጥም፤ ጥምዝ መስመር የሌለው ለስላሳ አፈሙዝ፣ አጭር፣ የሚሸጎጥ።

እንግዲህ ወደ ምላጩ እንመለስ።

በ1934 የመጀመሪያው ረቂቅ መትረየስን የተረጎመው በጥይት ቁጥር ነበር፦ እንደገና ሳይጎርስ 12 ወይም ከዚያ በላይ የሚተኩስ። ምስክርነት ለመስጠት ከቀረቡት አንዱ የብሔራዊ ጠመንጃ ማኅበር ፕሬዚዳንት ካርል ፍሬድሪክ ነበር። ሰውየው ጠበቃ ነው፤ በ1920 አንትወርፕ ኦሎምፒክ ላይም በሽጉጥ ተኩስ ወርቅ ወስዷል። ስለ ምላጭ የሚያውቅ ሰው ነው ማለት ነው። የጥይት ቁጥር አይበጅም አለ። ቁም ነገሩ አንድ የምላጭ ሥራ ከአንድ በላይ ጥይት ማስተኮሱ ነው አለ። ምክር ቤቱ ተቀበለው። ዘጠና ዓመት ሙሉ ሕጉ የቆመው በዚያ ቀን ንግግር ላይ ነው።

የድሮው የ12 ጥይት ሐሳብ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ምክር ቤቱ በ1932 ለዋሽንግተን ዲሲ ባወጣው ሕግ ውስጥ ተቀምጦ ቀረ። በዚያ ሕግ አንድ ተራ ሽጉጥ ከ12 በላይ ጥይት መተኮስ የሚችል ከሆነ መትረየስ ነበር። ብዙ ሐበሻ ዲሲ ሠርቶ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ያድራል፤ ድልድይ ተሻግሮ። በዚያን ጊዜ ቨርጂኒያ በሽጉጥነት የሚታወቅ ዕቃ የፖቶማክን ወንዝ ሲሻገር መትረየስ ይሆን ነበር። በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የዲሲን የሽጉጥ ክልከላ ከሻረ በኋላ ነው ይህ ትርጉም የተነሳው።

አሁን ኤኤፍ2011 ለምን መትረየስ እንዳልሆነ መገመት አያቅታችሁም። ሽጉጡ ውስጥ ሁለት ምላጭ አለ። ጎን ለጎን ናቸው፤ አንድ ጣት ሁለቱንም ይስባቸዋል። እያንዳንዱ ምላጭ የራሱን አንድ ጥይት ያስተኩሳል። የምላጭ ሥራው ሁለት፣ ጥይቱ ሁለት። ሂሳቡ ገጠመ። አያቶቻችን በሚያውቁት ባለ ሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ ሁለቱንም ምላጭ ባንድ ጊዜ የሳበ ሰው መትረየስ ተኮሰ አይባልም፤ ያው ነው።

የሚከብደው ሌላኛው ነው። ኮኔቲከት ያለው ስታንዳርድ ማኑፋክቸሪንግ ኤስ333 ተንደርስትራክ የሚባል ሪቮልቨር አለው። በ2019 ነው ያስተዋወቀው። አፈሙዙ ሁለት፣ ማቀፊያው ስምንት ጥይት ይይዛል፣ በአንድ ስበት ሁለት ሁለት ይወጣል። አራት ጊዜ ስበህ ጨረስክ። ምላጩ አንድ ሰፊ ምላጭ ነው፤ በሁለት ጣት የሚሳብ። እዚህ ላይ የሁለት ምላጭ ሂሳብ አይሠራም። ያም ሆኖ ገበያ ላይ ያለው በተራ ሽጉጥነት ነው። የሚያድነው «በራሱ» የሚለው ቃል ነው ብዬ ነው እኔ የማነበው። መትረየስ ጣትህን ሳትለቅ እሱ ራሱ ይጎርሳል፣ ይተኩሳል፣ ይቀጥላል። ይሄኛው ግን ሁለት አፈንድቶ ዝም ይላል፤ ሁለቱንም መቺ የወጠረው የራስህ ጣት ነው። በራሱ የሠራው ነገር የለም። የጋትሊንግ እጀታ ወሬ ተመልሶ መጣ አይደል?

አንባቢ «ይሄ ሁሉ ቃል መሰንጠቅ ነው» ሊል ይችላል። ልክ ነው፤ ቃል መሰንጠቅ ነው። ግን ቃል መሰንጠቁ የሰው ሕይወት ላይ ሲደርስ ቀልዱ ይቀራል። በጥቅምት 1 ቀን 2017 ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ሰው ከሆቴል መስኮት ኮንሰርት የሚያይ ሕዝብ ላይ ተኮሰ። 60 ሰው ሞተ። ጠመንጃዎቹ ላይ ባምፕ ስቶክ የሚባል ሰደፍ ተገጥሞ ነበር። ይህ ሰደፍ ጠመንጃውን በግፊቱ ወደ ኋላና ወደ ፊት እንዲንሸራተት ያደርገዋል፤ ምላጩ ቆሞ የሚጠብቀውን ጣት ደጋግሞ ይመታል። ለሚሰማው ሰው መትረየስ ነው። በ2018 የመሣሪያ ቁጥጥሩ ቢሮ፣ ኤቲኤፍ የሚሉት፣ ይህን ዕቃ መትረየስ ብሎ ከለከለው።

በሰኔ 14 ቀን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክልከላውን ሻረው፤ 6 ለ3። ዳኛ ክላረንስ ቶማስ የጻፉት ውሳኔ ውስጥ የምላጭ አሠራር ሥዕሎች አሉበት። ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ጥይት ምላጩ አንድ ጊዜ ይሠራል። ፍጥነቱ ምንም ይሁን ምን፣ አንድ ለአንድ ነው። ዳኛ ሶንያ ሶቶማየር ተቃወሙ። እንደ ዳክዬ የሚራመድ፣ እንደ ዳክዬ የሚዋኝ፣ እንደ ዳክዬ የሚጮህ ወፍ ሳይ ዳክዬ ነው የምለው አሉ። ከላይ የጠቀስኩት ባለ አራት አፈሙዝ የዳክዬ እግር ትዝ ብሏቸው እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ፤ ግን ገጥሟል።

እኔ ልቤ ወደ ዳክዬው ያደላል። የላስ ቬጋስን ድምፅ የሰማ ሰው የምላጭ ሥዕል ቢያሳዩት አይጽናናም። ጭንቅላቴ ግን ወደ ቶማስ ያደላል። ዳክዬ ይመስላል ተብሎ ሰው ከታሰረ፣ ነገ ኤስ333 ይመስላል፣ ከነገ ወዲያ ጋትሊንግ ይመስላል ማለት ነው። የወንጀል ሕግ ሰው አስቀድሞ አንብቦ የሚያውቀው መሆን አለበት። ዳኛ አሊቶ በዚያው ጉዳይ ላይ የጻፉት ይህንኑ ነው፦ ምክር ቤቱ ሕጉን ማሻሻል ይችላል። ምክር ቤቱ አላሻሻለም።

እንግሊዝ ሌላ መንገድ ሞክራለች። በመጋቢት 1996 ስኮትላንድ፣ ደንብሌን ከተማ፣ አንድ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትና አንዲት መምህር ገደለ። በቀጣዩ ዓመት ሽጉጥ ተከለከለ። ሽጉጥ ምንድን ነው ለሚለው ሕጉ ሜትር አወጣ፦ አፈሙዙ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያጠረ ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር ያጠረ። አማርኛ የሚያውቀው መሸጎጥ በሴንቲ ሜትር ተለካ። ታዲያ ተኳሾቹ ምን አደረጉ? አፈሙዙን አስረዘሙ። ከመያዣው ሥር ደግሞ ወደ ኋላ የሚሄድ የብረት ዘንግ ገጠሙ፤ ርዝመቱ 60 እንዲሞላ። ዘንጉ ሌላ ሥራ የለውም ማለት ይቻላል። ሲያዩት ሽጉጥ ጅራት አብቅሏል። ያስቃል፤ ግን ሕጉ የፈለገውን አግኝቷል። ጅራት ያለው ሽጉጥ ኪስ ውስጥ አይገባም። ከእነዚህ ሁሉ የቃል ጨዋታዎች መሀል ግቡን የመታው ይሄኛው ይመስለኛል፤ ሰዎቹ ቃሉን ሲጠመዝዙት እንኳ መሣሪያው እየረዘመ ነው የሄደው።

ሩሲያ ደግሞ የበለጠ ተራቀቀች። እዚያ ተራ ሰው እውነተኛ ሽጉጥ ገዝቶ መታጠቅ አይፈቀድለትም። ግን «ኦሳ» የሚባል፣ ተርብ ማለት ነው፣ አራት ቀዳዳ ያለው ሽጉጥ መሳይ ነገር በፈቃድ ይገዛል። ጎማ የለበሰ ጥይት ይተኩሳል፤ መቺ የለውም፣ በኤሌክትሪክ ነው የሚለኮሰው። በሩሲያ አከፋፈል ኦሳ «አፈሙዝ አልባ» መሣሪያ ነው። አራት ቀዳዳ ከፊቱ እያፈጠጠ! ጥይቱ የሚሮጥበት ቱቦ የለም፣ ጥይቱ ራሱ የተቀመጠበት ክፍል ብቻ ነው ያለው ነው ነገሩ። ባለ አራት አፈሙዝ ሆኖ አፈሙዝ የሌለው ሽጉጥ፤ ይህን የሚፈጥረው መሐንዲስ ብቻውን አይደለም፤ ጠበቃም አግዞታል።

የእኛ አገር ነገር ሌላ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ ይህ የእኛ አቆጣጠር ነው፣ ዋና ጭንቀቱ ማን ይያዝ፣ ማን ይፍቀድ፣ ማን ያዘዋውር የሚለው ነው። ባለ ሁለት አፈሙዝ ሽጉጥ ኬላ ላይ ተያዘ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። የዲዛይን ጥያቄ ግን በሌላ በር ገብቷል። «የቱርክ ሽጉጥ» የምንለው፣ በየጊዜው በነዳጅ ቦቴና በጭነት መኪና ተሸጉጦ ሲገባ የሚያዘው፣ ብዙው በተሠራበት አገር ድምፅ ብቻ የሚያሰማ ባዶ ተኳሽ ሆኖ የሚሸጥ ነው። እዚያ እንደ ጦር መሣሪያ ሙሉ ቁጥጥር አይደረግበትም። መንገድ ላይ አፈሙዙ ይቀየራል። ስሙ አገር ሲሻገር ይለወጣል፤ እንደ ዲሲና ቨርጂኒያ።

ካሊፎርኒያም አሁን ወደዚሁ ጥያቄ ገብታለች። በጥቅምት 2025 በተፈረመ ሕግ ምላጩን ከመቺው የሚያገናኘው ብረት የመስቀል ቅርጽ ያለው፣ በቀላሉ ወደ መትረየስነት የሚቀየር ሽጉጥ ሱቅ ውስጥ እንዳይሸጥ ተወሰነ። ሥራው የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2026 ነው። ልብ በሉ፤ ሕጉ አሁን አፈሙዝም ጥይትም አይቆጥርም። ሽጉጡ ሆድ ውስጥ ገብቶ የአንድ ብረት ቅርጽ ይገልጻል። ብረቱ ቅርጹን እስኪቀይር ስንት ወር እንደሚፈጅ መገመት ለአንባቢ እተወዋለሁ።

የ1934ቱ ሕግም ቢሆን በቅርቡ አዲስ ነገር ገጥሞታል። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሐምሌ 4 ቀን 2025 የፈረሙት ትልቁ የበጀት ሕግ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ገብታለች። ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ የድምፅ ማፈኛ፣ የአጭር ጠመንጃ፣ የአጭር ሾትጋንና የ«ሌላ ማንኛውም መሣሪያ» ግብር ዜሮ ሆኗል። 200 ዶላሩ የቀረው ለመትረየስና ለከባድ ፈንጂዎች ብቻ ነው። ምዝገባው ግን አልተነሳም። ቅጹ አለ፣ ፎቶው አለ፣ አሻራው አለ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1937 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ሲያጸድቀው ምክንያቱ አንድ ነበር፦ ይህ የግብር ሕግ ነው፣ ምክር ቤቱ ደግሞ ግብር የመጣል ሥልጣን አለው። አሁን ግብሩ ዜሮ ሲሆን ምዝገባው በምን ላይ ይቆማል? ይህንኑ የሚጠይቁ ክሶች ፍርድ ቤት ገብተዋል። የሚሺጋኑ ወጥመድ አጥማጅ የልጅ ልጅ፣ ሳጥን ውስጥ የቆየችውን ባለ ሁለት አፈሙዝ ጌም ጌተር ሊገዛ ለመጣ ሰው ሲያስተላልፍ 5 ዶላሯን መክፈሉ ቀርቶለታል። ገዢው ግን ዛሬም ጣቱን ቀለም ነክሮ አሻራ ይሰጣል።